ያለ ዋጋ የተገኘ ጥበቃ፤ ስለ ሰበካ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር አያያዝ

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት ጸሐፍትና የሒሳብ ሹሞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በብዙዎቹ አጥቢያዎቻችን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አንድ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ከበጎ አድራጊ የተሰጠ ወይም በምእመናን መዋጮ የተገዛ ነው። በውስጡ ግን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ የአባላት ወርኃዊ አስተዋጽኦ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የልማት ሥራዎች ሪፖርትና የሒሳብ ሰነድ ተከማችቷል። ለውጭ ጉዞ የጥምቀት ማስረጃ የሚፈልግ ወጣት፣ መዋጮዋን ስለ መክፈሏ ማረጋገጫ የምትጠይቅ እናት፣ ሒሳብ የሚመረምር ኦዲተር ሁሉም የሚመጡት ወደዚያች ጠረጴዛ ነው። መዝገቡ ጠፋ ማለት የሰው ጉዳይ ተጓጎለ፣ የሰበካ ጉባኤውም ታማኝነት ተጠየቀ ማለት ነው።

በየአጥቢያው ስንዘዋወር ደጋግመን የምንሰማው ምክንያት «በጀት የለንም» የሚል ነው። እኛ ግን የምንለው ሌላ ነው፤ ይህን መዝገብ የሚጠብቁት ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን ኃላፊነቱ በስሙ የተሰጠው ሰውና ሥራው የሚሠራበት የታወቀ ቀን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት ግልጽ እናድርግ፤ ነጻ የሆነ ፕሮግራምና የተሰረቀ ፕሮግራም አንድ አይደሉም። ነጻው ባለቤቱ ራሱ «ውሰዱ፣ ተጠቀሙ» ብሎ የሰጠው ነው። በየኮምፒዩተር ቤቱ «ክራክ» እየተባለ የሚጫነው ግን የሚሸጥ ሥራ ቁልፉ ተሰብሮ የተወሰደ ነው። ስርቆትን የሚያወግዝ ተቋም ደብዳቤውን በተሰረቀ ፕሮግራም ቢጽፍ ነገሩ ከሕግ አልፎ የኅሊና ጥያቄ ይሆናል። ጉዳቱም እዚያው አለ። ብዙው ክራክ ሲጫን «መጀመሪያ የቫይረስ መከላከያውን አጥፉ» ብሎ ይጠይቃል። ዘበኛውን አሰናብቶ በሩን ለማያውቁት ሰው እንደ መክፈት ነው።

በሕጋዊ መንገድ በነጻ የሚገኘው ለጽሕፈት ቤታችን ሥራ በቂ ነው። ሊብሬ ኦፊስ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን ደብዳቤ መጻፊያ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥና የገለጻ ማዘጋጃ አለው። በወርድና በኤክሴል የተሠሩ ሰነዶችንም ይከፍታል፤ ውስብስብ ሠንጠረዥ ሲሆን ግን የአቀማመጥ ለውጥ ሊኖር ስለሚችል ከመታተሙ በፊት ማየት ይገባል። ለምስልና ለድምፅ ቪኤልሲ፣ ፋይሎችን ጠቅልሎ በምስጢር ቃል ለመዝጋት ሰቨን ዚፕ አሉ። ሁሉም መውረድ ያለባቸው ከሠሪዎቻቸው የራሳቸው ድረ ገጽ ብቻ ነው። «ኮምፒዩተርዎ አምስት መቶ ችግር ተገኝቶበታል፣ አሁኑኑ ያጽዱ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ምንም ሳይጫኑ መዝጋት ነው። ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ የማጽጃው መሣሪያ በዊንዶውስ ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። «ዲስክ ክሊንአፕ» የማያስፈልጉ ጊዜያዊ ፋይሎችን ያስወግዳል፤ «ታስክ ማናጀር» ውስጥ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ሲበራ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አይቶ የማያስፈልጉትን ማስቆም ይቻላል።

በሁለተኛ ደረጃ የምናነሣው በተለምዶ አፕዴት የምንለውን ማሻሻያ ነው። ብዙዎቻችን ሥራ የሚያስተጓጉልና ዳታ የሚበላ አድርገን ስለምናየው መልእክቱ በመጣ ቁጥር «በኋላ» እንላለን። ይህ «በኋላ» ምን እንደሚያስከፍል ዓለም ያየው ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን ያዘ፤ ፋይሎችን ቆልፎም ለመክፈቻ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች ከታማሚዎች ጋር የተያዙ 19 ሺህ ያህል ቀጠሮዎች እንደ ተሰረዙ ተገምቷል። የሚያሳዝነው ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ማሻሻያ ከሁለት ወር ገደማ በፊት፣ መጋቢት 5 ቀን፣ በነጻ ወጥቶ ነበር። በጊዜው የጫኑት ከዚያ ቀዳዳ ዳኑ፤ «በኋላ» ያሉት ተጎዱ።

ማይክሮሶፍት መደበኛ ማሻሻያውን የሚያወጣው በየፈረንጁ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። ይህን ወደ ዘመን አቆጣጠራችን ስንመልሰው ከወሩ መጨረሻ እስከ አዲሱ ወር 8ኛ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ለማስታወስ የሚቀል ቀን እንጠቁማችሁ፤ የወሩ ሚካኤል በዋለ ማግሥት። ያን ጊዜ ማሻሻያው ከወጣ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚሆነው ጉድለት ያለበት ቢሆን እንኳ ወሬው ይሰማል።

የዳታውን ወጪ በተመለከተ በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ኢንተርኔቱን «ሚተርድ» ብሎ መመዝገብ ይቻላል። እንዲህ ሲሆን ትላልቅ ፋይሎች በዘፈቀደ አይወርዱም፤ በተወሰነው ቀን ግን እገዳውን አንሥቶ ማውረድ ነው። የሌሊት የዳታ ጥቅል መጠቀምም ወጪውን ያቀልላል። ሁለትና ሦስት ኮምፒዩተር ያለው ጽሕፈት ቤት ደግሞ አንዱ ያወረደውን ሌሎቹ በውስጥ መረብ እንዲቀባበሉ የሚያደርገውን «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የተባለ ቅንብር ይክፈት። ማሻሻያ በሚጫንበት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ጉዳት ሊደርስ ስለሚችል ላፕቶፑ ባትሪው የሞላ፣ ዴስክቶፑም ከዩፒኤስ ጋር የተያያዘ ቢሆን ይመረጣል።

ዊንዶውስ 10 የሚጠቀሙ አጥቢያዎች አንድ ነገር እንዲያውቁ ይገባል። መደበኛው ነጻ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒዩተሩ መሥራቱን አያቆምም፤ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ ግን እንደ ወትሮው አይደፈንም። ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ያለው ወደ ዊንዶውስ 11 በነጻ መሻገር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና «ቲፒኤም 2.0» የተባለ የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። በስጦታ ከመጡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ይህን አያሟሉም። ለእነርሱ ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነጻ ሥርዓት አለ፤ ሊብሬ ኦፊስም ይሠራበታል፣ አማርኛም ይጻፍበታል። ለውጡ ግን መዝገቡ በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ከተገለበጠ በኋላ በባለሙያ እጅ ይደረግ።

በሦስተኛ ደረጃ ፍላሽን እናንሣ። ከጽሕፈት ቤት ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት የሚመላለሰው ፍላሽ የቫይረስ ዋና ተሸካሚ ነው። ፎልደሮቹ ጠፍተው በስማቸው «ሾርትከት» ብቻ ሲታይ ብዙ ሰው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። አይቸኮል፤ ብዙውን ጊዜ ፋይሉ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሾርትከቱን ሳይነኩ በመጀመሪያ ፍላሹን በቫይረስ መከላከያ መፈተሽ፣ ቀጥሎ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ መክፈት ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው መከላከያ፣ ዲፌንደር የተባለው፣ በዊንዶውስ 10ም ሆነ በ11 ውስጥ ያለ ክፍያ ተካቶ ይገኛል። ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ሳይፈተሽ አይከፈት።

በአራተኛ ደረጃ ፊደላችን ነው። ቀደም ባሉት ዓመታት የተጻፉ ሰነዶች በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆነው የሚታዩት የጥንቶቹ የግእዝ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የፊደል ቁጥር ስለ ነበራቸው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ቋሚ ቦታ አግኝቷል። በዩኒኮድ የተጻፈ የጥምቀት መዝገብ ዛሬም ነገም፣ በስልክም በኮምፒዩተርም ይነበባል፤ ስምም ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ኪማን የተባለው መጻፊያ፣ ኖቶና አቢሲኒካ የተባሉት የፊደል ቅርጾችም በነጻ ይገኛሉ። አዲስ ሰነድ ሁሉ በዚህ ይጻፍ። የቀድሞዎቹ ሰነዶች እስኪገለበጡ ድረስ ግን አሮጌው ፕሮግራም ከአንዱ ኮምፒዩተር ላይ አይነቀል፤ እርሱ ከጠፋ ሰነዶቹን አንብቦ ለመገልበጥ አዳጋች ይሆናል።

በመጨረሻም ቅጅ ነው። ከላይ ያልነው ሁሉ ተደርጎ እንኳ ኮምፒዩተር ይሰረቃል፣ ይቃጠላል፣ ዲስኩም ያረጃል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ትምህርት ከባዕድ አትማርም፤ መጻሕፍቷ የዘለቁት ከገዳም ገዳም እየተገለበጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973ም መንበረ ፓትርያርኩ ከሁለት የአሜሪካ ተቋማት ጋር በጀመረው ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ቅጅ ብቻ ያለው መጽሐፍ የአንድ ሌሊት እሳት ያህል ዕድሜ ነው ያለው። የኮምፒዩተሩም መዝገብ እንዲሁ ነው። አንድ ቅጅ በኮምፒዩተሩ፣ አንድ ቅጅ በውጭ ዲስክ በካዝና፣ ሌላው ከግቢው ውጭ በታመነ ቦታ ይኑር። የአባላት ስምና ሒሳብ የግል ምስጢር ስለሆነ ከግቢ የሚወጣው ቅጅ በሰቨን ዚፕ በምስጢር ቃል ይዘጋ። ቃሉ ቢጠፋ የዘጋውም ሰው አይከፍተውምና በታሸገ ፖስታ በካዝና ይቀመጥ። ቅጅ ያለው ሰውም በዓመት ሁለት ጊዜ ከፍቶ ይሞክር፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጅ እንዳለ አይቆጠርም።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፤ ከዚህ ስትመለሱ በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንድታስወስኑ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የኮምፒዩተሩ ኃላፊና ተተኪው በስም ይመደቡ፤ ኃላፊው ሲለወጥ ቁልፍና ማኅተም እንደሚረከበው ሁሉ የምስጢር ቃሉም በፊርማ ይረከብ። ሁለተኛ፣ በየወሩ ማሻሻያ የሚጫንበትና ቅጅ የሚወሰድበት ቀን ይወሰን፤ ሲፈጸምም በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ክራክ የሆነ ፕሮግራም ሁሉ በነጻውና በሕጋዊው የሚተካበት የጊዜ ገደብ ይቀመጥ። በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶች አሉና አገልግሎታቸውን ጠይቁ፤ መዝገቡን የሚነካው ግን ኃላፊው ባለበት ይሁን።

የቀደሙት አባቶች ቀለም በጥብጠው፣ ብራና ፍቀው ያቆዩልንን መዝገብ እኛ አንድ ቁልፍ በመጫን ስንፍና ብናጠፋው ለሚመጣው ትውልድ የምንሰጠው መልስ አይኖረንም። ሥራው በወር ከግማሽ ቀን አይበልጥም። እግዚአብሔር አምላክ አደራችንን በታማኝነት እንድንጠብቅ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።