ብዙ ስፒከሮችን ከአንድ አምፕሊፋየር ጋራ ስለ ማገናኘት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የኤሌክትሪክ ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ ድምፃችን ከፊት ለተቀመጡትም ከኋላ ለቆሙትም እኩል እየደረሰ እንደ ሆነ እናምናለን። ባለፈው ዓመት በዚሁ በዓል ላይ ግን እንዲህ አልነበረም። መዘምራኑ ሁለተኛውን መዝሙር እንደ ጀመሩ ድምፁ ተቋረጠ፤ ከመድረኩ ጥግም የተቃጠለ ነገር ሽታ መጣ። የተቃጠለው አምፕሊፋየር የትምህርት ቤቱ ንብረት አልነበረም፤ አንዱ የክበባችን አባል ከአባቱ ለምኖ ያመጣው የቤት ዕቃ ነበር። ያን ዕለት ማታ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ የገባው እርሱ ብቻውን ነው። እኛ እስከ በር ሸኝተነው ተመለስን፤ ይህንም ስንናገር እስካሁን እናፍራለን። ስለዚህ የጥፋታችንን ምክንያት በግልጥ ልናስረዳችሁ ወደድን።

ከየቤታችን ስምንት ስፒከሮች ሰብስበን ነበር። በእያንዳንዱም ጀርባ «8 ኦም» የሚል ተጽፎበታል። አራቱን በግራ፥ አራቱን በቀኝ ወገን አደረግንና የየወገኑን ቀያይ ገመዶች በአንድነት፥ ጥቋቍሮቹንም በአንድነት አሰርናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፥ ስፒከሩ በበዛ መጠን ሥራው የሚቀል መስሎን ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ስፒከሮቹ ተሸካሚዎች አይደሉም፤ እንግዶች ናቸው። እንግዳ በበዛ ቍጥር የሚደክመው ጋባዡ ነው።

ኦም ማለት አንድ ዕቃ የኤሌክትሪክን ፍሰት ምን ያኽል እንደሚገታ የሚለካበት መስፈርት ነው። ስሙ የተወሰደው ሕጉን በ1827 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ከጀርመናዊው ጌዎርግ ሲሞን ኦም ነው። (ይህ ሰው በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረ፤ መምህራኖቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል ብለን ነው።) በሕጉ መሠረት ቮልቱ ለኦሙ ሲካፈል አምፔሩ ይገኛል። ለምሳሌ አምፕሊፋየሩ 20 ቮልት ቢያወጣ፥ በአንድ ባለ 8 ኦም ስፒከር ውስጥ 2.5 አምፔር ያልፋል። አራት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ ግን ለኤሌክትሪኩ አራት መንገድ ይከፈትለታል፤ ኦሙ ወደ 2 ይወርዳል፤ አምፔሩም 10 ይሆናል። 50 ዋት ይሰጥ የነበረው ዕቃ 200 ዋት አምጣ ተባለ ማለት ነው። በጀርባው ላይ «ከ4 እስከ 16 ኦም» የሚል ተጽፎ ነበር፤ አንዳችንም አላነበብነውም። ሽፋኑ እየጋለ መሄዱን ያየ ጓደኛ ነበረ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ ይቈይ አልነው። ፊውዙ ሳይቀድም ትራንዚስተሮቹ ቀደሙ።

ታዲያ እንዴት ማሰር ይገባን ነበር? አራቱንም በተከታታይ ብናስራቸው 32 ኦም ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩ አይጐዳም፥ ድምፁ ግን ይደክማል። የሚሻለው መንገድ መካከለኛው ነው። ከአምፕሊፋየሩ ቀይ ወደ መጀመሪያው ስፒከር ቀይ፥ ከመጀመሪያው ጥቁር ወደ ሁለተኛው ቀይ፥ ከሁለተኛው ጥቁር ወደ አምፕሊፋየሩ ጥቁር እናስራለን፤ 8ና 8 ተደምሮ 16 ይሆናል። የቀሩትን ሁለቱንም እንዲሁ አድርገን ከዚያው ከቀዩና ከጥቁሩ መውጫ ላይ ስናገናኛቸው፥ ሁለቱ ጥንዶች ጎን ለጎን ስለሚሆኑ 16ቱ በግማሽ ይወርድና ተመልሶ 8 ይሆናል። አምፕሊፋየሩ አንድ ስፒከር ብቻ የተያያዘበት ይመስለዋል። አሁን የምትሰሙን በዚህ ዐይነት ነው። ሆኖም አራቱ ስፒከሮች አንድ ዐይነት ካልሆኑ ኀይሉን እኩል አይካፈሉትም፤ አንዱ ቢበጠስም ጥንዱ አብሮ ዝም ይላል።

በቤታችሁ ያለው አምፕሊፋየር «ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት መውጫዎች ካሉት፥ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ በውስጥ በኩል የተገናኙት ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አብራችሁ ስትከፍቱ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች 4 ኦም እንደሚሆኑ አስቡ፤ የጀርባውንም ጽሑፍ አንብቡ።

ገመድ ከመንካታችሁ በፊት አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ንቀሉ። እንደ ፀጕር የቀጠነች አንዲት የመዳብ ክር ከቀዩ ወደ ጥቁሩ ብትሻገር፥ በተለምዶ ሾርት የሚባለውን አድርጋ ዕቃውን ልታበላሸው ትችላለች። ሽፋኑን ግን አትክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ የሚቀር ኤሌክትሪክ አለ፤ እርሱም አደገኛ ነው። ቀይና ጥቁር ቢዘዋወር የሚቃጠል ነገር የለም፥ ነገር ግን ስፒከሮቹ እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ስለሚንቀሳቀሱ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። በኦም መለኪያ ስትለኩ ባለ 8ቱ ስፒከር 6 ያኽል ቢያሳያችሁ አትደንግጡ፤ የተጻፈው ቍጥር ለሚመላለሰው የድምፅ ኤሌክትሪክ ነው።

የጥገናውን ገንዘብ ከየኪሳችን አዋጥተን ከፈልን። የጓደኛችን አባት ዘንድሮም አምፕሊፋየሩን ሊያውሱን ፈቀዱ። የጠየቁን ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ገመድ ከመንካታችን በፊት አስተሳሰሩን በወረቀት ሥለን፥ ኦሙንም አስልተን እንድናሳያቸው። ሁለት ጊዜ መለሱልን። ሦስተኛው ሥዕል ከመድረኩ አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ማየት የሚወድ ሁሉ ቀርቦ ይመልከት።