የመምህራን ድካምና የእኛ ድርሻ፦ በእንጭኒ ዙሪያ ስለ ተመለከትነው የትምህርት ሥራ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ባለፈው ክረምት ስምንት ሆነን ወደ እንጭኒ ሄደን፣ ለስድስት ሳምንት ለታናናሾቻችን የማጠናከሪያ ትምህርት ስንሰጥ ቆይተን ተመልሰናል። ማኅበሩ «ያያችሁትን ንገሩን» ብሎ ስለ ጠየቀን፣ ያየነውን ሳናስጌጥና ሳናጎድል ለመናገር እንሞክራለን።

እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሆለታ ተነሥቶ ወደ ሙገር የሚወስደው መንገድ በእርሷ በኩል ያልፋል፤ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካም በ1976 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪናዎች በዚሁ መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል። ወረዳው በላይ ደጋ ነው፤ ወደ ሙገር ሸለቆ ሲወርዱ ግን ቆላ ይሆናል። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ማለት ከደጁ ያለ ቤት ሲሆን፣ ለሌላው ግን ጧት ዳገት መውጣት፣ ማታ ቁልቁለት መውረድ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ስንሄድ ትንሽ ትዕቢት ይዞን ነበር። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። እኛም ከነዚህ ጥቂቶች ጋራ ስለ ተቈጠርን፣ ያልሠራው መምህሩ ነው፣ የምናቃናውም እኛ ነን የሚል አሳብ በልባችን ነበረ። ይህ አሳብ ከአንድ ሳምንት በላይ አልቆየም።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ላይ ባገራችን የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ሥራውን በአራት ዘርፍ ይከፍለዋል፤ ይኸውም መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ የትምህርት ቤት አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው። እኛም ያየነውን በዚሁ ተራ እናቀርበዋለን።

መጀመሪያ ስለ መማር ማስተማር። ከእንጭኒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ «ባርሲስቱ» እያሉ የሚጠሯቸው የአንደኛ ክፍል መምህርት አገኘን። ወሩ የዕረፍታቸው ወር ነበረ፤ ነገር ግን በየቀኑ እየመጡ ያስተምሩ ነበር። ግድግዳቸውን የሸፈነው የፊደል ሰንጠረዥ የተጻፈው በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ መቍጠሪያቸውም የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። በኦሮሚያ ትምህርት በአፋን ኦሮሞና በቁቤ መሰጠት የጀመረው በ1984 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ልጆቹ መጀመሪያ የሚማሩት ቁቤውን ነው። በዚህም ቋንቋ ድምፅ ማጠሩና መርዘሙ ትርጉም ይለውጣል። «ለፈ» መሬት ነው፤ «ላፋ» ደግሞ ለስላሳ ማለት ነው። መምህርቷ አጭሩን በአንድ ጭብጨባ፣ ረጅሙን በሁለት እያስለዩ ሲያስተምሩ አይተን፣ እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባነው ልጆች እንዲህ አድርጎ ማስተማርን እንደማናውቅ ገባን።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን አንድ አሮጌ ደብተር ነው። በደብተሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ከስሙም ፊት ያወቃቸው ፊደሎችና ያላወቃቸው ተጽፈዋል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጆች ሳይወድቁ እንዲያልፉ የሚያደርግ መመሪያ ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ስለ ቆየ፣ ማንበብ ሳይችል ሦስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ማግኘት የሚያስገርም አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ጥናትም፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታውቋል። እኒህ መምህርት ግን በክረምቱ ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በችሎታቸው መድበው፣ የሦስተኛ ክፍሉን ልጅ ሳያሳፍሩ ከፊደል ያስጀምሩት ነበር። እኛ ስንደርስ ደብተሩ ውስጥ ቃል የማያነቡ ተብለው የተጻፉ አሥራ ሰባት ልጆች ነበሩ፤ ስንመለስ አምስት ቀርተዋል። ይህ ቍጥር በማንኛውም ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ምክንያቱም በሪፖርቱ ላይ አሥራ ሰባቱም ፊቱንም «ያለፉ» ናቸው።

በሁለተኛ ደረጃም ሌላ ችግርና ሌላ ብልኃት አየን። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አንድ የፊዚክስ መምህር ለየምዕራፉ የቃላት ዝርዝር በሁለቱ ቋንቋ አዘጋጅተው፣ ከየቃሉም አጠገብ ሥዕል ሥለው፣ ተማሪዎቻቸው እንዲገለብጡት ያደርጋሉ። የላቦራቶሪ ዕቃ ስለ ሌላቸው የኤሌክትሪክን ዑደት የሚያሳዩት በባትሪ ድንጋይ፣ በሽቦና በትንሽ አምፑል ነው። ብዙዎቻችን ይህን ትምህርት ያለፍነው በቃላችን ሸምድደን እንጂ አምፑሉ ሲበራ አይተን አልነበረም።

ሁለተኛው ምቹ የትምህርት አካባቢ የተባለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጉድለት አለ፤ አንደብቀውም። ወለሉ አፈር የሆነ ክፍል አለ፤ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት ተማሪ አንድ የሚደርስበት ትምህርት ዓይነት አለ። ቢሆንም መምህራኑ ከየደመወዛቸው አዋጥተው የንባብ ክፍል የሚሆን አንድ ጎጆ አሠርተዋል፤ ለሴቶች ልጆችም ለብቻው የሆነ መጸዳጃ እንዲቆፈር አድርገዋል። ለሚሰማው ሰው ትንሽ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከትምህርት ገበታ የምትቀረውና የማትቀረው በዚህ ትንሽ ነገር ነው።

ሦስተኛው አመራር ነው። አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጉድኝት ማዕከል ይሰበሰባሉ፤ መምህራንም በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ እንዲያውሉ ይጠበቅባቸዋል። መምህራኑ ራሳቸው እንደ ነገሩን፣ ይህ ሰዓት አንዳንድ ጊዜ ፋይል ለመሙላት ብቻ ያልፋል። ጥቅም ያገኙበት ግን አንዱ ሲያስተምር ሌሎቹ ከኋላ ተቀምጠው ተመልክተው፣ በኋላ ያለ ይሉኝታ ሲነጋገሩበት ነው። ከነዚሁ መምህራን ብዙዎቹ ክረምት በመጣ ቍጥር ወደ ኮሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ እየሄዱ፣ ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ዓመታት የደከሙ ናቸው። እኛ በቀጥታ ገብተን የምናገኘውን ማዕርግ እነርሱ ልጅ እያሳደጉ በክረምት በክረምት ይለቅሙታል።

አራተኛው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው። ወላጆች ባሕር ዛፍና ድንጋይ አምጥተዋል፤ ጉልበታቸውንም ሰጥተዋል። ከዚህም በላይ፣ ልጁ ከብት እንዲጠብቅ ያስቀሩትን አባት በገበያ ቀን ፈልገው የሚያነጋግሩ ርእሰ መምህር አግኝተናል። «በቢሮዬ ብጠራቸው አይመጡም፤ በገበያ ግን እኔ ነኝ እንግዳቸው» አሉን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ሥራው ተፈጽሟል ለማለት አይደለም። አልተፈጸመም። የመምህሩ ደወዝ ከኑሮው ውድነት ጋራ አይመጣጠንም፤ በምዕራብ ሸዋ ጸጥታ በታወከባቸው ዓመታትም ብዙ መምህራን በሥጋት ሠርተዋል፤ ሌላ ሥራ ያገኘም ሙያውን ጥሎ ይሄዳል። እኛ ለማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የትምህርት መሻሻል በመመሪያ ሊጀመር ይችል ይሆናል፤ የሚጸናው ግን የልጁን ስም በደብተሩ በያዘ መምህር ነው። ይህን መምህር ሳይጠይቅ የሚነደፍ ዕቅድ አይጸናም።

ለዚህም ካገራችን ታሪክ ማስረጃ አለ። በ1964 ዓ.ም. «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ታላቅ የትምህርት ጥናት ሲዘጋጅ የውጭ አገርና ያገር ውስጥ ሊቃውንት ተሰብስበውበት ነበር፤ የመምህራኑ ማኅበር ግን ተገቢ ስፍራ አልተሰጠውም። ዕቅዱ ይፋ ሲሆን መምህራን የደመወዛቸውን ጥያቄ ጨምረው ከየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ አቆሙ፤ ወላጆችና ተማሪዎችም ተቃወሙት፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። በጥናቱ ውስጥ መልካም አሳብ አልነበረም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የሚፈጽመው ሰው ያልተማከረበት መልካም አሳብ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛውም ታሪክ የእኛው የተማሪዎች ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ መሠረት አንድ ሙሉ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። እኛ ስድስት ሳምንት ሄደን ንግግር ስናደርግ፣ እነርሱ አንድ ዓመት መሄዳቸውን ማስታወስ ይገባናል።

ልንሰናበት በተዘጋጀንበት ቀን ባርሲስቱ ቡና አፍልተው ጠሩን። አመሰገኑን፤ ቀጥለውም «ልጆቼ፤ እናንተ የምትመጡት በክረምት ነው፤ መስከረም ሲጠባ ትሄዳላችሁ። ታዲያ በመስከረም ማን አለ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ወደ መኝታችን ስንመለስ ከስምንታችን መካከል የትምህርት ክፍል ስንመርጥ መምህርነትን በመጀመሪያ ተራ የጻፈ ማን እንደ ሆነ ተጠያየቅን። አንድም አልነበረም። ስምንታችንም በመምህር ደብተር ውስጥ ስማችን ተጽፎ እዚህ የደረስን ልጆች ነን።

እንግዲህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፤ ማኅበራችን የክረምቱን ጉዞ በየዓመቱ ወደዚያው ስፍራ ያድርገው፤ በየዓመቱ ቦታ እየለወጡ መሄድ ለፎቶግራፍ ይመቻል እንጂ ለልጆቹ አይጠቅምም። ሁለተኛ፤ ምን ይዘን እንምጣ ብለን አስቀድመን መምህራኑን በደብዳቤ እንጠይቅ። እኛ ባለፈው ክረምት የቆዩ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ተሸክመን ሄድን፤ የሚያስፈልገው ግን ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ ነበረ። ሦስተኛ፤ የሳይንስ ክፍል ተማሪዎች በርካሽ ዕቃ የሚሠሩ ሙከራዎችን በትንሽ መጽሐፍ አዘጋጅተን፣ የዚህ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ካረሙልን በኋላ ለየትምህርት ቤቱ እንላክ።

የባርሲስቱ ጥያቄ ግን በነዚህ በሦስቱ አይመለስም። ከስምንታችን ሁለታችን ዲግሪያችንን እንደ ጨረስን ወደ መምህርነት ሥልጠና ለመግባት ወስነናል። ስድስታችን ገና አልወሰንም፤ ቤተ ሰብ የሚጠብቀን አለን፤ ደመወዙንም እናውቀዋለን፤ ይህንን በመናገራችን አናፍርም። ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲያ በየሻይ ቤቱ ተቀምጠን «ትምህርት ወደቀ» እያልን መምህሩን አናማም። ከማማታችን በፊት በመስከረም ማን አለ የሚለውን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቃለን። እናንተም እንድትጠይቁ አደራ እንላለን።