የቲሙ ለሥራ ሲቀርብ ምን እንጠይቀው?

(በሐዋሳ፣ መሃል ከተማ ለአሠሪዎችና ለበጎ አድራጊ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የቲምን ማብላት፣ ማልበስና ማስተማር ታላቅ ዒባዳ ነው። ልጁ ሲያድግ ግን ከእኛ የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሥራ ነው። ስለዚህ ከመካከላችሁ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ጋራዥ ወይም ዳቦ ቤት ያላችሁ ሥራ ፈላጊን እንዴት ብትጠይቁ እንደሚበጅ ልናሳስባችሁ ወደድን።

ካስተማርናቸው የቲሞች አንዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ቀረበ። የተጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ «የማን ልጅ ነህ?» እና «ዋስ አለህ?»። ሒሳብ መቻሉን የጠየቀው አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። እኛም አፈርን፤ ለመድረሳችን ረዳት ስንቀጥር ያንኑ ስንጠይቅ ኖረናልና።

በሱረቱል ቀሰስ የተተረከውን የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። መድየን ሲደርሱ ዘመድም ዋስም የሌላቸው ስደተኛ ነበሩ። ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትመክር ያነሳችው ጥንካሬያቸውንና ታማኝነታቸውን ነው። ከዚያ በፊትም መንጋቸውን ሲያጠጡላቸው አይታለች።

እኛም እንዲሁ እናድርግ። በመጀመሪያ ሥራው የሚጠይቀውን ችሎታ በወረቀት ጻፉ፤ ለተወዳዳሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ አቅርቡ። ቀጥሎ ሥራውን አሠርታችሁ እዩ። ለሱቅ የሚቀጠረውን ደረሰኞች አስደምሩት፤ ለስፌት የምትቀጠረውን ጨርቅ ስጧት። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ላሉ የልብስ ፋብሪካዎች ሠራተኞች ሲመለመሉ የእጅ ቅልጥፍና ይፈተን እንደነበር አስታውሱ።

«ታማኝ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ጥቅም የለውም፤ «አይደለሁም» የሚል ሰው አይገኝም። ይልቅ «የተሰጠህ አማና ጎድሎብህ ያውቃል? ያን ጊዜ ምን አደረግህ?» በሉት፤ ሳታቋርጡም አድምጡት። መምህሩንም ጠይቁ።

ጥርጣሬ ቢቀራችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀናት ያልበለጠ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ግን ክልክል ነው፤ የእርሱ ቦታ ትምህርት ቤት ነው። ያልተመረጠውንም በቀጠሮው ቀን መልሱን ንገሩት፤ በተስፋ አታመላልሱት።

ዋስ የግድ ቢሆን እንኳ ጥያቄው በመጨረሻ ይምጣ። ያን ጊዜ ዋስ ላጣው የቲም ከመካከላችን አንዱ ይቁምለት። አባቱ በሕይወት ቢኖር ኖሮ የሚቆምለት እርሱ ነበር።

አላህ ያግራልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።