ድንኳናችንን የት እንትከል?

(ለጉዞ ቡድናችን አባሎች በቦሌ የተደረገ ንግግር)



በከተማችን ድንኳን ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን ሠርግ ወይም ለቅሶ ነው። በቦሌም ሆነ በገርጂ፥ በኮተቤም ሆነ በአያት፥ ድንኳን በመንገድ ዳር ተተክሎ ያየ ሰው «ማን አገባ?» ወይም «ማን ሞተ?» ይላል እንጂ «ማን ሊያድርበት ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጉዟችን ድንኳን ተሸክመን ከመገናኛ ታክሲ ስንሳፈር ረዳቱ «ለቅሶው የት ነው?» ብሎ ቢጠይቀን አልተቀየምነውም።

ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በመጪው የዕረፍት ጊዜ የት እንሂድ ለሚለው ጥያቄ አራት ቦታዎችን አወዳድረን ሐሳባችንን ለማቅረብ ነው። ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ጉዞ አሥራ ዘጠኝ ነበርን፤ በሦስተኛው ጉዞ አሥራ አንድ ቀረን። ከቀሩት ስምንቱ ስድስቱ እኅቶቻችን ናቸው። ለምን እንደቀሩ ስንጠይቃቸው የነገሩን ነገር አሳፍሮናል፤ ይኸውም ስሙን በማንጠራው በአንድ ቦታ ሽንት ቤት ስላልነበረ፥ ከምሽት ጀምረው ውሃ ሳይጠጡ ማደራቸው ነው። እኛ ወንዶቹ በዚያው ሌሊት እሳት ከበን እንዘፍን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መለኪያችንን ለውጠናል። አንድ ቦታ የሚመዘነው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ምን ያህል እንደሚያምር ሳይሆን፥ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ሰውን እንዴት እንደሚያሳድር ነው። ስለዚህ ስለያንዳንዱ ቦታ አራት ነገር እንጠይቃለን፤ ውሃ አለ ወይ? ሽንት ቤት አለ ወይ? ጠባቂ አለ ወይ? የተማሪ ኪስ መሄጃውንና መመለሻውን ይችላል ወይ? በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደ ሳንቃበር ወይም ወደ ጨነቅ የሚወጣ እንግዳ ከጠባቂ ጋር እንዲጓዝ የሚደረገው በከንቱ አይደለም።

የመጀመሪያው ቦታ መናገሻ ሱባ ነው። ደኑ ከከተማችን በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጎን ያለ ሲሆን፥ ከ15ኛው መቶ ዓመት፥ ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ጽድ እየተተከለ የተጠበቀ ነው ተብሎ ይነገራል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ ይኖሩበታል። ሜዳው ከለመድነው ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙ ስለማይለይ የወባ ሥጋት የለውም፤ ብርዱንም ጋቢ ይችለዋል። ለእኛ ለምሥራቁ ሰዎች ችግሩ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ከአያት የተነሣ ሰው ደኑ ዘንድ ሳይደርስ ገና በከተማው ውስጥ ይደክማል። ደግሞም ከአስፋልቱ ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድ በክረምት ጭቃ ነውና ጉዞው ለበጋ ይሁን። እንጨት መቁረጥ አይገባም፤ ቡታጋዝ ይዘን እንሄዳለን።

ሁለተኛው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ይህ ፓርክ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ቢርቅም መንገዱ በእኛ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ያደርሳል፤ ከዚያ በመተሐራ በኩል ነው። ድንኳኑ በወንዙ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር ይተከላል፤ በሜዳው ሳላ ይታያል፤ ሌሊቱን ፏፏቴው ይሰማል። ነገር ግን ወንዙ አዞ አለበትና ገላ መታጠብ አይታሰብም፤ ዝንጀሮውም ያልተዘጋ ስንቅ ካገኘ አይምርም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ወባ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ እኛ ወባን የምናውቃት በስም ነው። የፓርኩ ሜዳ ግን ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል። ከመካከላችን አንዱ ከአንድ የቆላ ጉዞ በተመለሰ በሁለተኛው ሳምንት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ብርድ መታኝ ብሎ ሦስት ቀን ተኛ፤ ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዛሬ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ጥፋቱ የቦታው ሳይሆን የእኛ ነበር፤ አጎበሩን ይከብዳል ብለን ስንተው ጊታሩን ይዘን ሄደናል። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፥ በቦሌ ፎቆች ላይ የነበርነውም ሰምተናታል። ስለዚህ ወደዚያ ከመነሣት በፊት የፓርኩን ሰዎች ስለ ሁኔታው መጠየቅ ግዴታችን ይሁን።

ሦስተኛው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ውሃው ቀላ ያለ ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዝያ የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅ ዋና ለሚወድ ሁሉ ደስታ ነው። በሎጅና በሆቴል ቅጥር ውስጥ ድንኳን የተከለ ሰው ሽንት ቤትም ጠባቂም ያገኛል። ነገር ግን ለመትከያው ይከፍላል፤ ለምሳው ይከፍላል፤ የሐይቁ ዳር የሕዝብ ነው ወይስ የባለ ገንዘብ ብሎም ራሱን ይጠይቃል። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ ለሚሄድ ተማሪ በዓመት አንድ ጊዜ እንጂ ከዚያ በላይ አይሆንም።

አራተኛው ዲንሾ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዲንሾ የፓርኩ ቅጥር ግቢ የደጋ አጋዘን ከድንኳኑ አጠገብ ሣር ሲግጥ ይታያል፤ ወደ ሳነቴ የወጣ ሰው ቀይ ቀበሮም ያያል። በእውነቱ ከአራቱ እጅግ የሚያምረው ይኸው ነው። ሆኖም ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታውም ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን በጋቢ ብቻ የሚታደርበት አይደለም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የሚመጣው ጉዞ ወደ መናገሻ ሱባ ይሁን፤ ቀድመው ሄደው አራቱን ጥያቄዎች የሚያጣሩ ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ ከሁለቱ አንዷ እኅት ትሁን። አዋሽ አጎበር ከገዛን በኋላ፥ ዲንሾም የሚያሞቅ መኝታ ካገኘን በኋላ ይሁን።

ይህንንስ በምን እንገዛለን የምትሉ ብትኖሩ፥ መልሱ በየሰፈራችን አለ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበርና ድስት በግላቸው አይገዙም፤ በዕድር ይገዛሉ። ዛሬ ያልሞተበት ለነገው ያዋጣል። እኛም በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥተን አጎበርና ብርድ ልብስ በጋራ ብንገዛ፥ ያለው ለሌለው ሳይለምነው ያካፍላል። የቡድን መልካምነት የሚታወቀው ብርቱው ተራራ ላይ በመውጣቱ አይደለም፤ ደካማው ደኅና አድሮ በማግሥቱ «ደግሞ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። የቀሩት ስምንቱ እንደገና እንዲጠይቁን እንሥራ።