የማዕድን አወጣጥ ዘዴዎችና የሰፋሪው ውሃ



ድርቅ ላፈናቀለው ወገን አዲስ መንደር ሲቆረቆር በቅድሚያ የሚፈለገው ውሃ ነው። ወርቅ በሚገኝበት አገር ግን የውሃው መኖር ብቻ አይበቃም፤ ከላይ በኩል ምን እንደሚሠራበት መታወቅ አለበት።

በአዶላ እንደሚደረገው የወንዝ ደለል እየታጠበ ወርቅ ሲወጣ ወንዙ ይደፈርሳል፤ በተተወውም ጉድጓድ የወባ ትንኝ ይራባል። ወርቁ በሜርኩሪ ከተለየ ጉዳቱ ይብሳል፤ ጢሱ በትንፋሽ ይገባል፣ ወንዝ የገባውም በዓሣ ሥጋ ይከማቻል፣ ዘመንም አያጠፋውም። የገጽ ቁፋሮ ለም አፈሩን ይገፍፋል፤ ሳያናይድ ያለበትን ዝቃጭ የያዘው ግድብ ከተሸነቆረም ለሰውና ለከብት አደጋ ነው። የምድር ውስጥ ቁፋሮ የላይኛውን መሬት እምብዛም ባይነካም ምንጮችን ሊያደርቅ ይችላል።

በ2010 ዓ.ም. የለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ ፈቃድ የታገደው ነዋሪዎች ስለ ጤናቸው ባሰሙት አቤቱታ ነበር።

ስለዚህ የሠፈራ ቦታ የሚመርጥ ኃላፊ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ይመልከት፤ ውሃውም ሰፋሪው ከመግባቱ በፊት በላቦራቶሪ ይመርመር። የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከረሃብ ያዳንነውን ወገን ለመርዝ አሳልፈን እንዳንሰጥ አደራ እላለሁ።