ስለ ትንሹ መጋጠሚያ
(በልደታ ኮንዶሚኒየም ለነዋሪዎችና ለወጣቶች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከጣት የማይበልጥ ዕቃ ነው። ይኸውም በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ፒን ሄደር የሚባለው፣ በጥቁር ፕላስቲክ ላይ የተሰለፉ የብረት መርፌዎችን የያዘው መጋጠሚያ ነው። ወጣቶቻችን በየጠረጴዛቸው የሚሠሩትን ሁሉ እርስ በርሱ የሚያገናኘው እርሱ ስለሆነ፣ ጠባዩን ማወቅ ይገባል።

መጀመሪያ ልኩን እንይ። በሁለት ጎረቤት መርፌዎች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 2.54 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ኢንች ዐሥረኛ ነው። ብሬድቦርድ የሚባለው የሙከራ ሰሌዳም ቀዳዳዎቹ የተበሱት በዚሁ ልክ ነው። ስለዚህም ዛሬ ከመርካቶ የተገዛ ወንዴና ከአሮጌ ኮምፒዩተር የተፈታ ሴቴ ያለ አማላጅ ይገጣጠማሉ። በስታኞ የተበየደ ሽቦ ግን ለአንድ ሥራ ታስሮ ይቀራል። ዕቃ በሚወደድበት አገር፣ ተፈትቶ ለሌላ ሥራ የሚውል መጋጠሚያ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ይሁን እንጂ ልክ ሁሉ በግምት አይታመንም። አርዱዊኖ የተባለው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣሊያ ኢቭሬያ ከተማ ተወለደ። በታወቀው የኡኖ ሰሌዳ ላይ በ7ኛውና በ8ኛው ፒን መካከል ያለው ርቀት 4.06 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መደበኛ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ በሁለቱም ረድፍ ላይ በአንድነት አይገጥምም። ተጨማሪ ሰሌዳዎች ሁሉ ይህንኑ ተከትለው ስለተሠሩ ልኩ እንደ ተጣመመ ጸና። ከመግዛት በፊት መለካት ይቀድማል።

ሁለተኛው ነገር ጥብቀት ነው። መርፌውን የሚይዘው የሴቴው ብረት መጨበጥ ብቻ ነው፤ ከላላ ወይም አቧራ ከገባበት ለኤሌክትሪኩ ዕንቅፋት ይሆናል። የላላው መጋጠሚያ 0.5 ኦም ቢኖረውና 2 አምፔር ቢያልፍበት፣ 1 ቮልት ይጎድላል፤ 2 ዋት ሙቀትም ይወለዳል። በ5 ቮልት የሚሠራው ሰሌዳ 4 ቮልት ብቻ ይደርሰዋል። ወጣቱ ፕሮግራሙን ሲመረምር ያድራል፤ ጥፋቱ ግን በሽቦው ጫፍ ነው። ስለሆነም ሰሌዳው እየሠራ ሳለ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ አድርጎ ቮልቱን ያንብብ፤ ንባቡ ከዜሮ ከራቀ ሽቦውን ይለውጥ።

ሦስተኛው አቅጣጫ ነው። ተራው ፒን ሄደር ተገልብጦም ይገባል፤ አንድ እርምጃ ተዛንፎም ይገባል። ራስበሪ ፓይ በ40 መርፌዎቹ መካከል 5 ቮልት የሚሰጡ ሁለት መርፌዎች አሉት፤ የምልክት መርፌዎቹ ግን ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። አንድ መርፌ መሳሳት ወራት የተጠራቀመለትን ሰሌዳ ሊያቃጥል ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሥራ የሌለውን አንድ መርፌ ቆርጦ፣ በሴቴው በኩል ትይዩውን ቀዳዳ መድፈን ነው። ከዚያ በኋላ መጋጠሚያው የሚገባው በአንድ መንገድ ብቻ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጆችን የማሳስበው ስለ ግድግዳው ሶኬት ነው። ይህ መጋጠሚያ ለባትሪና ለስልክ ቻርጀር 5 ቮልት የሚስማማ እንጂ 220 ቮልት የሚታመንበት አይደለም። መርፌው ለእጅ ገላጣ ነው፤ ሽቦውም ቀጭን ነው። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ደረጃ በሚወጣበትና በሚወርድበት ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል የተነሣ እሳት የጎረቤትም ነው። ልጁ መብራት በሰሌዳው ሊያዝ ቢፈልግ፣ የ220 ቮልቱን ወገን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ፣ ብሎን ባለው ሞርሴቶ፣ ባለሙያ ይሥራለት።

እንዲህ ስል ልጆቹን ከሥራው ለማራቅ አይደለም። ከልደታ የባቡር ጣቢያ ወደ ሜክሲኮ ሲሄዱ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ ተግባረ ዕድ ይባላል፤ የእጅ ሙያን ማስተማር ለዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ወላጆች የተበላሸውን ሬዲዮ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ልጆቹ ይፍቱት፤ ከሶኬቱ መነቀሉን ግን አስቀድማችሁ በዓይናችሁ እዩ። የማኅበራችን አባላትም በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴስተራችሁን ይዛችሁ እዚህ ብትመጡ፣ ብዙ ሰሌዳ ከመቃጠል ይተርፋል።