እርሻ ከመጀመር በፊት

የከተማ ሥራውን ትቶ በአነስተኛ እርሻ ለመተዳደር ያሰበ ወጣት ምክር ሲጠይቅ፥ አንዱ «እርሻ ክቡር ነው፤ ግባበት» ይለዋል። ሌላው «አባትህ ያስተማረህ ወደ ሞፈር እንድትመለስ ነውን?» ይለዋል። እኔ ግን አስቀድሞ ወረቀትና ብዕር ያንሣ እላለሁ።

ከአባቱ የሚደርሰው ግማሽ ሄክታር ነው እንበል። ከሄክታር 15 ኩንታል ጤፍ ቢታሰብ፥ የእርሱ ምርት ሰባት ኩንታል ተኩል ይሆናል። ለአንድ ሰው በዓመት አንድ ኩንታል ተኩል እህል ቢመደብ፥ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ይህንኑ ሁሉ ይበላዋል። ታዲያ ማዳበሪያው፥ የበሬው ኪራይ፥ የልጆቹ ደብተር በምን ይገዛል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ስለ ደነገገ፥ የጎደለውን ገዝቶ መሙላት አይቻልም።

ስለዚህ ጤፍ ብቻውን አያወጣውም። ውሃ ባለበት ስፍራ ሽንኩርትና ቲማቲም በጥቂት ወራት ይደርሳሉ፤ ዳሩ ግን ቲማቲም ቀን አይሰጥምና ገዢውን ከመትከሉ በፊት ይፈልግ። ንብና ዶሮም ሰፊ መሬት አይሹም።

ደመወዙን ሳይለቅ አንድ ክረምት ይሞክረው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ እስከ ኅዳር ብር አያስገባም፤ ያለ ስንቅ ተበድሮ የገባበት ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ይደርስበታል። ሒሳቡን አውቆ የገባ ግን፥ ዝናብ ቢዘገይ እንኳ ቤቱ አይፈታም።